ድምፅ ዜሮ አሥራ አራት

አራዳ ቁልቁለት፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ
ሚሞሪ እጭናለሁ፤
ለተማሪ፣ ለሾፌር፣ ለገበያ ሕዝብ።
ኔትወርክ ከሄደ ሰንብቷል፤ ማማው ቆሟል እንደ ግንድ፤
ዜናውም፣ መዝሙሩም፣ ቀልዱም
በብሉቱዝ ነው የሚሄድ፣
ክንድ ለክንድ።

ማክሰኞ ጧት እናትነሽ መጣች፣ ስልኳ በላስቲክ ታስሮ፤
ቀሃ ወንዝ ልብስ ስታጥብ ወድቆ፣
ሆዱ በውሃ ተወጥሮ።
ፈታሁት፣ ነፋሁበት፣ ሩዝ ውስጥ ሦስት ቀን አደረ፤
እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀረ።
«ስልኩስ ይቅር» አለች፣ «ዕቃ ነው፣ ይገዛል፤
የወንድሜ የአዝመራው ድምፅ ነበረበት፤
እሱ ከመስከረም ወዲህ ከየት ይደውላል?»

«ለማን ልከሽው ነበር?» አልኳት።
ያኔ ቆጠርን፣ እንደ ዘር፦
እናትነሽ ለውባለም፣ ውባለም ለልጇ፣
ልጇ ለዶርም ወዳጇ።
ወዳጇ ሰርዛዋለች፤ «ቦታ ሞላብኝ» አለች፣ አፍራ፤
ግን ዘፈን ሲቀባበሉ አብሮ ሾልኳል
ከአንድ የአዘዞ ረዳት ጋራ።

ሰባት ቤት ሳንደርስ፣ አምስተኛው ላይ አገኘነው፤
ጫንያለው ነው ስሙ፤ ከሚኒባሱ በር ላይ ያዝነው።
«ይሄን ሰውዬ?» አለ፣ «ማን እንደሆን እኔ አላውቅም፤
ሳቁ ደስ ስለሚለኝ ግን
አላጠፋውም።»

መቀበያው የእኔ ስልክ ነው፤ ሞልቷል እስከ አንገቱ።
የሠርጌን ቪዲዮ አጠፋሁ፤
ሠርጌስ አለ፣ በአማቾቼ ስልክ፣ ቅጂው በየቤቱ።
(ሚስቴ እንዳትሰማ።)
ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል፤
ስልክ ከስልክ አንድ እርምጃ ቢርቅ፣ ነገር ይበጠሳል።
እናትነሽና ጫንያለው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣
ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ
ትንፋሻቸውን ይዘው።

አርባ ሰከንድ ነው። ምክር የለው፣ ኑዛዜ የለው፤
«ከጃንተከል ዋርካ ዝቅ በይ፣ ወፍጮ ቤቱን እለፊው፤
ሽንኩርቱን ከረሳሽ ግን
እዚያው ቅሪ፣ አትምጪ!»
ሳቀ።
አለቀ።

እናትነሽ አላለቀሰችም። ደግማ አሰማችን።
«ለሰፊውም ላክለት» አለች፣ «ለሾፌሩም፣ ለማንም፤
እኔ ዘንድ ቢጠፋ
የምለምንበት ደጅ አላጣም።»

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከእኔ ሱቅ አስጭኖ የሚሄድ፣
ከዘፈኑ ግርጌ፣ ሳያውቅ፣
ሽንኩርት ይዞ ነው የሚወርድ።