ግማሽ ጥፍር

የካቲት ላይ፣ የፓርኑ ወንዝ ከዳር እዳር ሲረጋ፣
ጀልባ ጠጋኝ ምን ይሠራል? ገና ሩቅ ነው በጋ።
ጀልባዎቹ በየዳርቻው በልባቸው ተደፍተዋል፤
እጆቼ ግን ሥራ ፈተው፣ «የሚጠገን አምጣ» ይሉኛል።

ስለዚህ ከጣሪያው ሥር አወረድኩት ያንን አንገት፣
ካልዩ ስዊድን ሲገባ የተወልኝን፣ ያለ ደረት።
የቤዝ ጊታር አንገት ነው። አካሉ የደቀቀው በአንድ የሰኔ ሰርግ ነው፤
ሙሽራው ተቀምጦበት። ካልዩ እስከ ዛሬ «ነፋስ ጣለው» ነው የሚለው።

ደረት ከየት ይምጣ? የቁምሳጥኑ በር ነበረ፣
ማጠፊያው ከወለቀ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ የኖረ።
በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት።
ድምፅ ለቃሚውን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በስድስት ዩሮ ገዛሁት።
መቃኛዎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ወንድማማች፣ አንዱ ባዳ፤
ሲያጠብቁት የሚላላ፣ እንደ አማች፣ እንደ እንግዳ።

ሌሎ፣ ሚስቴ፣ የፒያኖ ቃኚ ናት፤ ጆሮዋ አይተኛም፤
ቧንቧው ሌሊት ሲያፏጭ «ሲ ነው» ትላለች፣ «ግን አልደረሰም»።
ቃኚ አይደለች? በሩ ላይ ቆማ ቃኘችኝ፤ ጠረጴዛውን ቃኘች፤
መጋዙን፣ ጉጠቱን፣ አንገቱን። «የሾርባ ድስቴስ?» አለች።
ድስቷ ውስጥ አራት ጅማት በኮምጣጤ ይንተከተካል፤
የስንት ሰርግ ላብና አቧራ ከጅማት በዚህ ይለቃል።

ፍሬቶቹን በብየዳ ብረት አሙቄ በጉጠት ነቀልኩ፤
እንደ ወተት ጥርስ፣ ሃያውንም፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩ።
ሄልዱር፣ ጡረተኛው ጎረቤት፣ ጨው ሊበደር ብቅ ብሎ፣
«ፍሬት ካጣ ምን ፍሬ አለው?» አለኝ፣
«ሰው መድረሻውን በምን ይወቅ፣ ደረጃውን ሁሉ ነቅሎ?»

መልስ አልነበረኝም። ጨዉን ሰጠሁት።

ሃያ ሽንቁር አፉን ከፍቶ ቀረ።
የማሪካ ማስመሪያ፣ የሦስተኛ ክፍሏ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበረ፤
ስሟን በመርፌ ጭራበታለች።
(አሁን ታርቱ ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ካልረሳች።)
በስሱ እየላጥኩ፣ በሙጫ እየነከርኩ፣ ሞላሁት ሽንቁር በሽንቁር፤
መለኪያው ሁሉ ውስጥ ገባ፣ ተቀበረ ቁጥር በቁጥር።
ሰባተኛው ውስጥ ከስሟ አንዲት ፊደል ቀርታለች፤
ለሌሎ አልነገርኳትም። ለምን? እንጃ። ትስቃለች
ወይም አትስቅም።

ከዚያ የጀልባ ሙጫ። ይህ እንኳ የኔው ማሳ ነው።
አምስት ጊዜ ቀብቼ አምስት ጊዜ ፋቅሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ፣ ካፖርት ደርቤ፣
አምፖሉ ፊቱን እስኪያይበት ድረስ።

ሐሙስ ማታ ሽቦው ተበየደ። ማጉያው እንደ ሽማግሌ እህህ አለ።
ጣቴን አሳረፍኩ፣ እንደ ልማዴ፣ ደረጃው ከነበረበት ወዲህ፣
መታሁት።
ወጣ፤ ወፍራም፣ ሰነፍ፣ በጭጋግ ቀን የመርከብ ጥሩምባ፣
ግን ጠማማ።

«ግማሽ ጥፍር» አለች ሌሎ፣ ሳትዞር፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣
«ወደ ላይ። አይ፣ አለፍክ። መለስ በል። አትቸኩል» እያለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት በግምት ነው የኖርን፤
የት ጋ እንደሳትኩ ስጠይቃት «ታውቀዋለህ» ነበር መልሷ።
አላውቀውም ነበር።
ዛሬ ግን ትነግረኛለች፣ በጥፍር ልክ፣ ያለ ቁጣ።

ጣቴን ገፋሁ፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ከዚያች ፊደል በላይ እስክደርስ።

ቢላዋው ቆመ።

«እዚያ» አለች። «እዚያው ቆይ።»
ሽንኩርቱ ማረር ጀምሯል፤
ማናችንም አልተነሣን።