ተራ

ኩኩታ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ኤቤልዮ መስኮት ዘግቶ
ሦስት አገር ባንድ ቢጫ ቀባ፣ የጨዋታውን ድንበር አጥፍቶ፤
ካራካስን ከቦጎታ፣ ቦጎታን ከኪቶ ሰፍቶ።

በአሥራ አንደኛው ተራ ስፌቱ ተተረተረ።
ግብር ቀነሰ። መንገድ ጨመረ።
ተተረተረ።

ኋላ ገባው፦ ደብዳቤው ነው፣
ተራራ ለተራራ በበቅሎ ወር የሚፈጅ ወረቀት፤
ትእዛዙ ሲደርስ ታዛዡ ወይ ሞቷል፣ ወይ ራሱን ሾሟል።

የመንገዱን ቀን ዜሮ አለው።
ኅብረቱ መቶ ተራ ቆመ፤ ቢጫ፣ ጸጥ ያለ፣ ሐሰት።

«ድልድዩ ሊዘጋ ነው» አለች ዩርሌይ ከበሩ፣ «የእማዬ መድኃኒትስ?»

መልሶ ሠላሳ ጻፈ፣ የበቅሎዋን ፋንታ፤
ብልቃጡን በኪሱ ከቶ ወጣ።

ወደ ማዶ ሦስት መቶ ሜትር፤
ሰልፉ ግን ገበያውን ዞሯል።
ኅብረት ሲሰፋ ያደረው
እንደ ተራ ሰው ተራውን ይጠብቃል።