ጉልበት በማንኪያ

ሽምብጥ ላይ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ቦራ ሲነሣ እነቃለሁ፤
የቀኝ ጉልበቱን፣ ከጋጣው፣ ቋ ሲል እሰማዋለሁ፤
እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ዳብሳው፣ «መገጣጠሚያው አልቋል» አለች፤
«ይህን ዱቄት ጠዋት ማንኪያ፣ ማታ ማንኪያ፣
ተልባም አይጉደልበት፤
ተስፋ ግን ብዙ አትጣልበት።»

ቆርቆሮዋ ብቻዋን የአራት ቀን የጋሪ ገቢ በላች።
ትብላ!
ከዓባይ ማዶ አሸዋ፣ ከገበያ ማሽላ፣
ባጃጅ በማይደፍረው ጭቃ
ዐሥራ ሦስት ዓመት ጉልበቱን ስበላ
ማን ሰፈረልኝ በማንኪያ?

ቦራ ብልጥ ነው፤ ገብሱን ለቅሞ ዱቄቱን እፍ አለው፤
የጣና ነፋስ ጨመረበትና
ግማሹ ጋቢዬ ላይ ቀረ።
በተልባና በፉርሽካ ለውሼ ሳቀርብለት ግን
አፍንጫው እስኪለጠፍ ላሰው።

አንጓች ከጀልባዎቹ ዳር ገባች፤
የቆሮሶ ቅርጫቷን ከጀርባዋ አወረደች፤
ቆርቆሮዋን አንሥታ አየቻት፤
መልሳ እዚያው አስቀመጠቻት።
ዋጋዋን አልጠየቀችኝም።

እጇን ልትታጠብ ከመደቡ ተነሣች፤
ቋ።

ዞር ብዬ ጋጣውን አየሁ።
ቦራ ንቅንቅ አላለም።