ነሐሴ በመርፌ ቀዳዳ

ፍልሰታ ሲገባ ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቅዳሴ፣
እኔ ክሬን ይዤ ወደ መስኮቱ፤ እንዲህ ተጀመረ ነሐሴ።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት ይገባበታል የተባለው ጉድጓድ፣
ከደጅ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ አስፋልት የሚጠብቅ መንገድ።
ዝናብ እዚህ አይሰማም፤ ቆርቆሮ የለንም እንደ ድሮ፣
በደረጃው ጭቃ ነው የምናውቀው፣ የገባው ሰው ተቆጥሮ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በቴሌ፣ ከመሬት በታች ተቀምጬ
የመዳብ ክር ቀጠልኩ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ መርጬ።
አሁን እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ጣቶቼ ግን አልሰሙም፣
ደብዳቤው በኔ ስም እንጂ በነሱ ስም አልተጻፈም።

ኪሮሽ ያስያዘችኝ የሦስተኛ ፎቋ ሂክመት ናት፣ የሰባተኛ ክፍል፦
«ጋሼ፣ አይጎትቱት! ክር እንደ ድመት ነው፤
ከያዙት ይቧጭራል፣ ከተዉት እግርዎ ሥር ይጠቀለላል።»

ከታች ሱቁ ደጃፍ ያሉት ሳቁ፦ «ወንድ ልጅና ዳንቴል!»
ሸማውን የሚሸምነው ማነው? ሱሪህን ያሳጠረልህስ? ልል ስል
ተውኩት። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት…
ቆጠራ ላይ ያለ ሰው አፉን ከከፈተ ይፈርስበታል ቤት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ለቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ዙሪያው አበባ።
ለካ የዛሬ ቴሌቪዥን አናትም የለው፣ ጀርባ፤
ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዳንቴሌ ተንሸራቶ ሪሞቱ ላይ ተቀመጠ፣
ዘርፈሽዋል ስትስቅ የጸበሉ ጠርሙስ በእጇ ተንቀጠቀጠ።

በቡሄ ማግስት ካልሲ። አንዱን እግር ጨረስኩና ክሩ አለቀ፤
መርካቶ በዚህ ዝናብ ሁለት አውቶብስ ነው፣ ራቀ።
ግራ እግሬ ሞቆታል፤
ቀኙ እንደ ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ዕጣ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ለቢፍቱ አራስ ልጅ ደግሞ ኮፍያ፤ ለራሱ ሰፋ፣ ለጉልበቴ በቃ።
«ሲያድግ ይሆነዋል» አለች፣ ፊቴን እያየች፣ ተጠንቅቃ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን።

መርፌና እራፊ ይዤ በረንዳ ወጣሁ፣ የቀረ ብርሃን ልለቅም፤
ድሪቶ ጀመርኩ። በልጅነቴ ስድብ ነበር፣ ሌላ ስም ግን አላገኘሁለትም።
ከቴሌ ቱታዬ ያልነተበው ወገን፣ ሰማያዊው።
ከካሳንቺስ ቤታችን መጋረጃ፤ ቤቱ ፈርሷል፣ መስኮቱም፣
ስፋቱን የሚያስታውሰው ጨርቁ ብቻ ነው።
ሻምበል ደምሰው ከፒያሳ ያመጡትን የጠረጴዛ ልብስ በመቀስ ከፈሉ፣
ግማሹን ሰጥተውኝ ግማሹን አጣጥፈው «ይህ ይቆይ» አሉ።
የሂክመት እናት ከሠርግ ሻሿ አንድ ስንዝር፣ ቢጫ።

ቢፍቱ የአባቷን ቡሉኮ ጫፍ አመጣች።
«ከየት ሰፈር ነው?» አልኳት፣ ሁሉን እንደምጠይቀው።
«ከዚሁ» አለች፤
በአገጯ ወደ ታች፣ መኪና ወደሚቆምበት አሳየችኝ፣
«ባቄላ እዚያ ጋ ነበር።»

ቀዩን ከቀይ ማለት እዚህ አልሠራም።
ያንን ቡሉኮ አራቴ ሰፋሁት፣ አራቴ ፈታሁት፤
ቱታዬ አጠገብ ከበደ፣
ከመጋረጃው ጋር ዐይን ለዐይን አልተያየም፣
ዳር ላድርገው ስል እጄ እምቢ አለ፣
መሃል ላድርገው ስል መሃሉን እኔ ይዤዋለሁ።
ሂክመት ቆማ አየችና «ጋሼ፣ አሁንም እየጎተቱ ነው» አለችኝ።

ሠላሳው ሞላ። አላለቀም።
ዘርፈሽዋል የቀን መቁጠሪያውን አይታ «ጳጉሜን አለችልህ» አለች፤
እውነትም ለእንደኔ ዓይነቱ ዘገምተኛ ታስባ ነው የተጨመረች።

አምስት ቀን፣ አንድ ቀኝ እግር፣ አንድ ቡሉኮ።
እስከዚያው ቤታችን የምትመጡ፣
ሶፋው ላይ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤
አንዲት መርፌ ጠፍታብኛለች፣
ክሯን እንደጎተተች።