የለም

መስኮት ቁጥር አራት፣ ብቸና ጤና ጣቢያ፤
ገበያ ነው ዛሬ፣ የለም መተላለፊያ።
ማዘዣ ሲመጣ ዝርዝር እገልጣለሁ፤
ካለ እሰጣለሁ፣ ከሌለ እመታለሁ።

እመታለሁ ስላችሁ ማህተም ነው፣ ሰው አይደለም፤
ከጎማ የተቀረጸ፣ ሦስት ፊደል፦ «የለም»።
ሽሮፑ ያልቃል፣ ጓንቱ ያልቃል፣ መርፌውም ያልቃል፤
ለዚች ማህተም ግን ቀለሟ ከወረዳ በወቅቱ ይደርሳል።

ይታይሽ ቆማለች፣ ከየዱሃ ማዶ፤
ደብተሯ በፌስታል፣ ፌስታሉ በጉያ፣ ሆዷ ግን ባዶ።
የጤና መድን ደብተር፤ ፎቶው ላይ ስድስት ሰው፤
በጥር፣ ጤፍ አስጭና፣ መዋጮውን ከፍላ ያሳደሰችው።

ልጇን ይጥለዋል። ሙሉሰው ይባላል።
ባለፈው እሳት ዳር ወድቆ ክንዱ ተቃጥሏል።
«የፊተኛው ኪኒን አልያዘለትም» አለ አዲሱ ሐኪም፤
ሌላ አዘዘለት፤ ጽሕፈቱ ጠማማ፣ ስሙ ረጅም።

ገለጥሁ፤ ገጽ አሥራ ሁለት፦
«በዚህ ደረጃ አይታደልም። ሆስፒታል ይሰጣል፣ ሪፈር ከተጻፈለት።»
ሪፈሩ ቅጽ አለው። ቅጹ ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነው።
(ለቅጹም «የለም» ልምታ ይሆን? ማንን ልጠይቀው?)

«በሽታውስ» አለችኝ፣ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ፣
«እሱስ ከመጽሐፋችሁ ተጽፏል?»
                  አዎ፤ ገጽ አራት ላይ፣ ፊደሉ የሰፋ።
«ኧረግ! እንግዲያው መድን የሆናችሁት ለሱ ነው፤ ለልጄ አይደለም።»
ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤
                  እኔም።

ዝርዝሩን ያወጣው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤
ደብረ ማርቆስ፣ ሥልጠና ላይ፣ በግድግዳ አሳይተውናል፤ ስሌቱ አይስትም፦
የዚህ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ የአርባ ሕፃን ሳንባ ምች ያሽራል፤
ቋቱ አንድ ነው፤ አንዱ ሲዘግን ሌላው ይራቆታል።

አምናለሁ።
አምኜም ማህተሙን አነሣሁ፤
ጠምሞ አረፈ።
መንገዷን አስቤ ከፊተኛው ኪኒን በፖስታ ቆጠርሁ።
ደንቡ አሥራ አምስት ይላል። እኔ ሠላሳ ላይ ተሳሳትሁ።

ማታ፣ ሰው ሲወጣ፣ የሩብ ዓመቱን መጠየቂያ ሞላሁ፦
የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ ብዛት፤
የመጨረሻው ዓምድ ይላል «ምክንያት»።
ጠባብ ናት፣ ሁለት ቃል አትይዝም።
አጣብቄ ጻፍሁ፦
የሚወድቀው እሳት ዳር ነው።