ቤት የማይመታ ሰማይ

ትሮምሶ ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ቤቱ ላይ፣
ፀሐይ በጠፋበት በታኅሣሥ ሰማይ፣
ሲግሩን ክብ ዘርግታ መነጽሯን ሰካች፤
«ደቂቃውስ ልክ ነው?» ሁለቴ ጠየቀች።
ልክ ነው፤ አዋላጇ አስራለች ጽፋ፤
ዘጠኝ ከሩብ ይላል፣ ክንዷ ላይ፣ ሳይጠፋ።

ሰማይን በሰዓት የሚሸነሽነው
የፕላሲደስ ስልት እዚህ ከንቱ ነው፤
ጀዲ ብቅ አይልም፣ ሸርጣን አይጠልቅ ከቶ፤
በምን ቤት ይሠራል መሠረቱ ጠፍቶ?

እኩል ቤትን ሣለች፣ ሠላሳ ሠላሳ፣
እንደ ቀበሌ ቤት፣ ለማንም ሳትሳሳ።
ጨረቃ በደለዊ ሦስተኛው ቤት ገብታ፤
«ልጅህ መንገደኛ ናት» አለች አመንትታ።
በሙሉ ኮከብ ግን፣ ያው ጨረቃ፣ ያው ሌት፣
አራተኛ ገባች፣ ከርስት፣ ከእናት ቤት።

የኛ ቆጣሪ ግን፣ ስሟን ከእናቷ ስም
በዐሥራ ሁለት ገድፎ፣ ሰዓት አይጠይቅም።

እኔ በዓመት ውስጥ ሦስት ቤት የለቀቅሁ፣
«ማሞቂያ ያለው ቤት የትኛው ነው?» አልሁ።
ሲግሩን አልሳቀችም፤ እርሳሷን ቀረጸች።
«የቱ ይሁንልህ?»
ዝም ስላት ጠበቀች።

ግጥም ቢሆን ኖሮ፣ ቤት ያልመታው ስንኝ፣
ሰርዤ ብጀምር ማንስ በከሰሰኝ።

ሒሳቡን ከፍዬ፣ ሁለቱን ጠቅልዬ፣
በረዶው ላይ ወጣሁ ልጄንም አዝዬ።
ሰማይ ደመና ነው፤ አንዲት ኮከብ የለች፤
ኮፍያዋ ሥር ሆና
አንዴ አስነጠሰች።