ከአውራ ጣት ሥር

ሰኞ ማለዳ ነው፣ ገላን መታጠፊያ፣
ከባቡሩ ሐዲድ፣ ከድልድዩ ወዲያ፤
ወይዘሮ ስንቅነሽ በነጭ ኮሮላ
መጣች፣ እንቁላል ጭና ከወንበሩ ኋላ።
«ሰማንያ ላይ ስደርስ ትጮኻለች፣ ኧረ!
ነዳጇም ከትናንት ዛሬ ጨመረ፤
አራተኛው ማርሽ አልገባም አለ፣ ቀረ።»

እጄን በቡቱቶ ጠራርጌ በኩራት
(ሞተር ሥር ተኝቼ ሃያ ሁለት ዓመት)
ሳልከፍት፣ ሳልነካ፣ ብያኔ ሰጠሁኝ፦
«ካምቢዮ ነው፣ ይውረድ፤ አራት ቀን ስጪኝ።»

ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ መብራት
ቁልጭ ብላ ነበር፤ እያየሁ ናቅኳት።
«ይህቺስ?» አለች ሲፈን፣ ረዳቴ፣ ዓይናማዋ።
«ተያት» አልኩ፣ «ታብራ፤ እርጅና ነው በሽታዋ።»

ማክሰኞ አወረድነው።
ብረቱ ደረቴን እንደ ድንጋይ ሲጫን
ሲፈን በትከሻዋ ደገፈችው ያን ቀን።
ረቡዕ በተንኩት። ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤
አንድም አልጎደለ። ያኔ ነው የደነገጥኩ።
ዘይቱም ቀይ፣ ንጹሕ፣ ያልተቃጠለ፣
ደፋሁት ግን። ምን ይባላል? ዘይት ነው፣ ፈሰሰ፣ አለቀ።

ሐሙስ መልሼ ገጠምኩት፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣
ቱሉ ዲምቱ ድረስ ብቻዬን ነዳሁ።
ሰማንያ።
ያው ጩኸት። ያው ሦስተኛ። ያው ቢጫ ብርሃን።
ያው እኔ። ይህን ማፈር ለማን ልንገር፣ ለማን?

ስመለስ ሲፈን በር ላይ ቆማለች።
«ጋሼ፣ ቁልፏን አይተዋታል?» አለች።
«የቱን ቁልፍ?»
«ከማርሹ እጀታ ጎን፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለችውን፤
ኦቨርድራይቭ የምታበራ የምታጠፋውን።»

ሁለት ብሎን ብቻ። ካቻቢቴ፣ አንድ ደቂቃ።
ቴስተሩን አቀበለችኝ፣ ምንም ሳትል፣ ተጠንቅቃ።
ሽቦዎቹን ነካሁ፤ ጢጥ።
ቁልፏን ተጫንኩ፤ ጢጥ።
ለቀቅኩ፤
ጢጥ።

ከእጀታው አንገት ዝቅ ብሎ፣
ማርሹ ሲሄድ ሲመለስ በሚታጠፍበት፣
ላስቲካቸው አልቆ፣ እንደ ክርን ተልጦ፣
መዳብ ከመዳብ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል።
እኔ የተሰበረ ስፈልግ፣ የተበጠሰ ስፈልግ፣
በሽታው መነካካት ኖሯል።
ማንም ሳይጫናቸው፣ ሌት ተቀን፣ ለኮምፒውተሩ
«አጥፋው፣ አጥፋው» እያሉ ሲያወሩ፤
ያቺም ቢጫ መብራት፣ ከመጀመሪያዋ ሰኞ ማለዳ፣
ይህንኑ ስትመሰክር ነበር፤
ምስክር ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ እኔ።

የተበላውን ቆርጬ ጣት የማይሞላ ሽቦ ቀጠልኩ፤
ስታኞው ጨሰ፤ ለመታጠፊያው ትርፍ ተውኩ።
ናስትሮውን ሲፈን ጠቀለለች፣ ለየብቻ ለየብቻ፦
«ጎረቤት ሁኑ» አለቻቸው፣ «ጎረቤት ብቻ።»

ሲመሽ እንደገና ቱሉ ዲምቱ።
ሰባ። ሰባ አምስት። ሰማንያ።
ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
ሸክሙን ደጃፍ ላይ እንዳወረደ ሰው።
የነፋሱን ድምፅ ያኔ ሰማሁት፤ ለካ መስኮቱ ክፍት ነው።

ዓርብ ስንቅነሽ መጣች። እቁቧን ሸጣለች፤
ብሩን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።
«ስንት ሆነ?»
«ካምቢዮ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።
ዘይቱ አዲስ፣ ብሎኑ የተፈታ፣ ማን ይጠረጥር?
ከኋላዬ የሲፈን መጥረጊያ
ቆመ።

«ሽቦ ነው» አልኩ። «ሁለት መቶ ብር።
ካምቢዮውን ያወረድኩት በስህተቴ ነበር።»
ከመኪናዋ ይልቅ እኔን አየች፣ ረጅም ጊዜ።
መሳደብም አማራት መሰለኝ፤ ተወችው።

ገብታ አስነሳች። አውራ ጣቷን ቁልፏ ላይ አኖረች፤
መብራቷ በራች፣ ጠፋች፣ በራች፣ ጠፋች።
«ስድስት ዓመት ነዳኋት፤ ይቺ ለምንድን ናት?»
«ዳገት ላይ ተጫኚያት» አልኩ፣ «ሜዳ ላይ ተያት።»

አንድ ካርቶን እንቁላል ትታልን ሄደች።
ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።
ሲፈን ምድጃውን ሰካች፤
እኔ ጨው ፍለጋ ወጣሁ።